ላስብበት

«መቶ አሥራ ዘጠኝ» አለ ነጋ በሆዱ። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ የሚንሰቀሰቅ ቢመስልም ለቀስተኛ እየቆጠረ ነበር። የወንድሙ የሣህሉ ሠልስት ነው። ከዚራ ሰፈር፣ ከሣህሉ ደጅ የተተከለው ድንኳን ሞልቶ የተረፈው ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል። ለአንድ ባቡር ነጂ ይህ ሁሉ ሰው!

«እኔ ብሞት ግማሹም አይመጣ» ሲል ለሚስቱ ለዘርፈሽ አንሾካሾከ።

«በሬሳም ትቀናለህ እንዴ?» አለችና ፊቷን አዞረች።

ይቀናል እንጂ! ሌላው ሰው ሚስቱን እንደሚያማክር ነጋ ቅናቱን ያማክራል። ሣህሉ ሬዲዮ ሲገዛ ነጋ ተበድሮ ትልቁን ገዛ፤ ማዳመጥ ግን አይወድም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ያሉት ለሱ ነው። ሣህሉ የነጂነት ፈተና ሲያልፍ ደግሞ ነጋ ሳይፈተን ቀረ፤ ወደቀ ከሚባል አልሞከረም ቢባል ይሻለዋል። ምስኪን እንዳትሉት፤ እያወቀ ነው።

የእድሩ ዳኛ አቶ ጉግሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የሣህሉን ልጅ የተሻለችን ነገር እንቁረጥ። ልጅቷ እናትም አባትም የላትም። ማን ይውሰዳት?»

ነጋ አቀረቀረ።

ፋራህ ተነሣ። ከሣህሉ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ባቡር ላይ የሠራ የመጋላ ሰፈር ሰው ነው። «አቦ፣ እኔ ጋ ትምጣ። ሚስቴ ፋዱማ አጥብታታለች። ወላሂ ልጃችን ናት! እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እኔ ራሴ አደርሳታለሁ።»

«ሰው ማለት እንዲህ ነው!» አለ አንዱ። ሌላው መረቀው። ነጋ ይህን ሲሰማ መቀመጥ አልቻለም።

«እኔ በሕይወት ቆሜ የወንድሜ ልጅ ሰው ቤት? እወስዳታለሁ!»

አጎት ነውና ሽማግሌዎቹ ለሱ ፈረዱ። ዘርፈሽ ብቻ ባሏን በንቀት አየችው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሣህሉ ሚስት በወሊድ ስትሞት ሣህሉ ሕፃኗን ታቅፎ ደጃቸው ቆሞ ነበር። ዘርፈሽም ያን ጊዜ ወንድ ልጇን ታጠባ ነበር። «ነጋዬ፣ ጡት ብቻ» አለ ሣህሉ። ነጋ ወንድሙ ሲለምነው ሲያይ ጣመው። «እስከ ነገ ላስብበት» አለ። በማግስቱ ሊፈቅድ ሲሄድ ሕፃኗ መጋላ፣ ፋዱማ እቅፍ ውስጥ ነበረች። ሣህሉ ይህን ነገር አንድም ቀን አላነሣበትም። ከኤረር ጣቢያ ብርቱካን ባመጣ ቁጥር ግማሹን ለነጋ ይልክ ነበር፤ ነጋም «ሲመጻደቅ ነው» እያለ ይበላለት ነበር።

ከቀትር በኋላ ነጋ ልጅቷን ሊወስድ ጓዳ ገባ። ልብሷን በአንሶላ ጠቅልላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ነይ እንሂድ።»

«አጎቴ፣ እናንተ ቤት የት ነው የምተኛው?»

ነጋ ለምርቃቱ እንጂ ለልጅቷ መኝታ መች አስቦ!

«እማ ፋዱማ ጋ አልጋ አለኝ» አለች ቀስ ብላ፣ እንዳይከፋው እየፈራች። «ግን እናንተም ጋ መሬት ላይ እችላለሁ።»

ሣህሉ ነበር እንዲህ የሚናገረው። ሌላውን ላለማስቀየም ራሱን የሚያሳንስ ሰው ነበር። ነጋ ያን ወንድሙን ዳግም እንደማያገኘው ገና አሁን ገባው፤ እንባውም መጣ።

ጥቅሏን ተሸከመላት። ድንኳኑ በዚያ በኩል ሰው እንደሞላ ነው። እጇን ያዘና በጓሮ በር፣ ማንም በማያይበት በኩል፣ ወደ መጋላ፣ ፋዱማ ቤት ወሰዳት።