በብረት ላይ ሦስት ፊደል

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መምህር ይርጋ ግን ሁለቱንም ነበር። ደሴ ላይ ታሪክ እያስተማረ ልቡ ያለው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጡ በኖሩ ባለእጆች ዘንድ ነው። ታሪክንና ፊዚክስን አጣምሬ ላስተምር ብሎ ርእሰ መምህሩን እስኪያሰለች ነዝንዞ አስፈቀደ። ከዚያ ኮምቦልቻ ወርዶ ጋሽ የሱፍ የሚባሉትን ቀጥቃጭ በባልጩት እሳት የሚጭር የጥንት ጠመንጃ ቃታ፣ ከመጽሐፍ ሥዕል አይተው እንዲሠሩለት ለመናቸው። አሳምረው ሠሩት።

«የአሜሪካ ባለእጆች ሥራቸው ላይ ስም ይቀርጹ ነበር። እኔም የማውቃቸው በዚያ ነው። እርስዎም ይቅረጹ» አላቸው።

«አቦ ተወኝ! ማረሻዬን ገዝቶ ቡዳ ነው እያለ የሚያማኝ አገር ስሜን ምን ያደርግለታል?» ብለው ሳቁ።

ግን ይርጋ በጣቱ መሬት ላይ የጻፈላቸውን የስማቸውን ሦስት ፊደል ጎንበስ ብለው አዩ። በመሮ ቀረጹት። ከዚያ ወዲያ ስማቸው የሌለበት ማረሻ ከቤታቸው አልወጣም።

ዘመኑ 1970 ነው። ልጅ በወረቀት ቁራጭ በሚረሸንበት ወቅት ቃታ ይዞ ክፍል መግባት! ዕውቀትና ብልሃት ለየቅል ናቸው። ወሬው ቀበሌ ደረሰና አብዮት ጠባቂዎች ቃታውንም የአሜሪካ መጽሐፉንም ይርጋንም ይዘው ሄዱ።

«ማን ሠራልህ?»

«ራሴ።»

ገራፊው ቃታውን ገልብጦ አነበበ። «የሱፍ ማነው?»

ይርጋ ውስጥ እግሩ እስኪተለተል ቢገረፍም አልተናገረም። ምን ዋጋ አለው! ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ያ ስም ያልተቀረጸበት ማረሻ ጥቂት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውን አመጧቸው።

«አላውቃቸውም» አለ ይርጋ።

ጋሽ የሱፍ ቃታውን አገላብጠው አዩ፤ የይርጋንም እግር አዩ።

«ወላሂ የእጄ ሥራ ነው። እሱ ለማስተማሪያ ነው የወሰደው፤ ልቀቁት» አሉ።

ይርጋን ከሁለት ወር በኋላ ለቀቁት። ጋሽ የሱፍን ገደሏቸው፤ ሬሳቸውንም አልሰጡም።

ይርጋ እያነከሰ ኮምቦልቻ ወረደ። የጋሽ የሱፍ ሚስት መርየም ከቀዘቀዘው ወናፍ አጠገብ ተቀምጠዋል። ምነው እኔን በገደሉኝ እያለ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። መርየም አልሰደቡትም። ያልተሸጠ ማረሻ አንሥተው ሰጡት።

«መቃብሩን አላሳዩኝም። ማንበብም አላውቅ። ስሙ የቱ ጋ ነው?»

ይርጋ ጣታቸውን ይዞ ሦስቱን ፊደላት አንድ በአንድ አስነካቸው።

«በቃ፣ ይኸው ነው?» አሉ መርየም።