ቀጭ የምትለዋ ቁልፍ

ልጆቼ፣ ስልክ ከመጣ ወዲህ ሰዉ ስንት ጊዜ በቁሜ እንደቀበረኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። «ሁሉም ሰዓቱን ከስልኩ ላይ እያየ አንተ ምን ቀረህ?» ይሉኛል። ይኸው አለሁ፤ ጠረጴዛዬም አለ። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን የእህቴን ልጅ ነገር ነው።

ይህች ልጅ መዳፍ የምታክል የጌም መጫወቻ ሠራች። አትደውል፣ መልእክት አትቀበል፣ ፎቶ አታነሳ። ጌም ብቻ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎኔ ተቀምጣ ዓይኗ እስኪቀላ ስትበይድ፣ ስትፈታ፣ መልሳ ስትገጥም ኖረች።

የቁልፎቹን ሞላ የመግጠሙን ሥራ የሰጠችው ለእኔ ነበር። «ለስላሳ ይሁኑ አጎቴ፣ ድምፅ እንዳያሰሙ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ግን የአርባ ዓመት እጅ የት ይሄዳል? ሰዓት ጠጋኝ በጆሮው ያልሰማውን አያምንም። ሳላስበው የሰዓት ሞላ ከተትኩበትና ቁልፉ ሲጫኑት «ቀጭ!» አለ።

«አጎቴ! ምን አደረጉብኝ?» ራሷን ያዘች። «ነገ ለሃሎ ላሳይ አይደል እንዴ!»

ሃሎ የምንለው ከመንገዱ ማዶ ያለውን ስልክ ሻጭ ነው። ስልክ ከጆሮው ተነጥሎ አይቶት የሚያውቅ የለም፤ ሚስቱን እንኳ ያገባት መስመር ላይ ሆኖ ነው ብለን እናማዋለን። ስድስት ሱቅ አለው። እሱ መደርደሪያው ላይ ካላወጣላት የሁለት ዓመት ልፋቷ ካርቶን ውስጥ መቅረቱ ነው። ሞላውን ለመቀየር ጊዜ ስላልነበረ፣ ጠዋት እንዲያው ቀጭ ቀጭ እያለች ይዘናት ሄድን።

ሃሎ አገላብጦ አያት። «ሲሟ በየት ነው የሚገባው?»

«ሲም የላትም።»

«እህቴ፣ ጌም እኮ ስልክ ላይ በነፃ ሞልቷል! ማነው ሁለት እቃ በኪሱ ይዞ የሚዞር? አባባ፣ እርስዎ ይምከሯት እንጂ!»

«እኔ የምመክረው የሚሰማኝን ነው» አልኩት።

ሳቀ። «ሲም አስገቢባትና መደርደሪያውን ሙሉ ውሰጂ። ካልሆነ ግን ይቅርብሽ።»

ልጄ ዓይኗን መደርደሪያው ላይ ተከለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሺ ልትል ነው ብዬ ፈራሁ። መደርደሪያ ሙሉ እኮ ቀላል አይደለም።

ይሄኔ የሃሎ ስልክ ጮኸ። በትከሻው አጣብቆ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቅ ጀመር። መጫወቻዋ እጁ ላይ ነበረች። ቀጭ። ቀጭ ቀጭ። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ብቻ ነበር፤ ቆይቶ ዓይኑም ወረደ። «አዎ… እሺ… በኋላ ልደውልልህ» ብሎ ዘጋው። ወዲያው ሌላኛው ስልኩ ጮኸ። አላነሳውም!

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። ይህን ሰውዬ የከዳው ግን አውራ ጣቱ ነው።

ልጄ እጇን ዘረጋች። «እቃዬን ይስጡኝ።»

«ቆይ፣ ይቺን ዙር ልለፋት።»

«ሲም የሌላት ናት እኮ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ!»

«ሲም ቢኖራት ኖሮ ይሄን ጊዜ እሷም ትጮህብዎት ነበር።»

ቀና አለ። ጆሮው ቀልቷል። መጫወቻዋን ግን አላስቀመጣትም። «እንግዲያው አንድ ጥግ፣ ከቻርጀሮቹ አጠገብ። ካልተሸጠች መጥተሽ ትወስጃታለሽ።»

«ጥጉ ይበቃኛል። ግን አንዷ ከካርቶን ወጥታ ትቀመጥ፤ ሰው በእጁ ይሞክራት። ሲም የሚባል ነገር ደግሞ ሁለተኛ እንዳያነሱብኝ።»

መንገዱን ስንሻገር ክንዴን ያዘች። «አጎቴ፣ ስልኩ ይበላን ይሆን?»

«መሞከሩ አይቀርም። እኔን ሲያኝከኝ ስንት ዓመቱ፤ ይኸው መዋጥ አቅቶታል።» ከዚያ ጥፋቴ ትዝ አለኝና «ቁልፎቹን ላለስልስልሽ?» አልኳት።

መንገዱ መሃል ቆመች። ከኋላ መኪና ጡሩንባውን ይነፋል፣ እሷ እቴ!

«ዋ! እንዳይነኳቸው!» አለችኝ።