የማን እጅ ነው የሚንቀጠቀጠው?

ባሏን ያዋረዱት በሠራተኛ ሁሉ ፊት ነው። እሷም እዚያው ነበረች። በዚያው የብረት ሥራ ድርጅት የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ ስለሆነች፣ ለሠራተኛው መሣሪያ በምትሰጥበት መስኮት በኩል ሁሉንም አየች፣ ሁሉንም ሰማች።

ባሏ ሃያ ስድስት ዓመት በቶርኖ ማሽን ላይ ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው። በዚያ ሰሞን ለውሃ ፓምፕ የሠራቸው ስድስት ዘንጎች በአንዱ ጫፍ ወፍረው በሌላው ቀጥነው ወጡ። ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው፤ ለፓምፕ ግን እሱም ይበዛል። አለቃቸው፣ ሚሊሜትር ከአፉ ስለማይጠፋ እሱ በሌለበት ሠራተኛው “ሚሊ” የሚለው ሰውዬ፣ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ወረወራቸው።

“የዚህ ሰውዬ እጅ ይንቀጠቀጣል! ሽማግሌ ቤቱ ተቀምጦ ፀሐይ ይሙቅ እንጂ እዚህ ምን ይሠራል?”

አንዳንዶቹ ሳቁ። ባሏ ቱታውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ በበሩ ወጣ።

ቤት መዋል ከጀመረ ወዲህ እጁን ዘርግቶ አፍጥጦ ሲያየው ብዙ ጊዜ ደርሳበታለች። “እውነቱን ሳይሆን አይቀርም” ይላታል። ሚሊን በሕልሟም በእውኗም ትረግመው ጀመር።

ከሦስት ወር በኋላ ለቤት የምትሆን፣ ሁለት ሰው የሚሸከማት ትንሽ ቶርኖ ገዝታ መጣች።

“ምን ልታደርጊያት ነው?” አላት ባሏ።

“አንተ እንድትሠራባት ነዋ።”

“አልነካትም።”

“እንግዲያው እኔ እሠራባታለሁ። አንተ ቁጭ ብለህ እይ።”

ያሰበችው ሌላ አልነበረም። ባሏ እንከን የማይወጣለት ዘንግ እንዲሠራና እሷ ያንን ዘንግ ወስዳ ሚሊ አፍንጫ ሥር እንድትደቅነው ነበር። እምቢ ካለ ግን ሴትዮዋ ወደኋላ የምትል አይደለችም። ጓዳውን አጸዳች፣ አንድ አሮጌ የእንጨት ጠረጴዛ አስገባች፣ ማሽኗን በሰው አሸክማ አስቀምጣ በአራት ብሎን አሰረቻት። እያንዳንዱን ብሎን ስታጠብቅ የሚሊን አንገት የያዘች ይመስላት ነበር።

መጀመሪያ ስታስነሳት ማሽኗ ጮኸች፤ ብረቱም ላይ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ምልክት ቀረ። ማሽኗን የሚያዞረው ችንጋ ላልቶ አገኘችውና ወጠረችው። አሁንም ጮኸች። ብሎኖቹን ደግማ አጠበቀች። ባሰባት። ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየ፤ በመጨረሻ ግን አላስችል አለው።

“መቁረጫውን አሳጥሪው! ምላሱን እኮ አውጥቶብሻል!”

ከሦስት ወር ወዲህ ነፍስ ያለው ንግግር ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። መቁረጫውን ወደ መያዣው ገፋ አድርጋ አሰረችው፤ ጩኸቱም ጠፋ።

ከዚያ አንድ ጠንካራ ብረት ማሽኗ ላይ አሰረችና ቆረጠችው። በማይክሮሜትር ስትለካው አንዱ ጫፍ ከሌላው ስድስት መቶኛ ሚሊሜትር ይወፍራል። ደግማ ቆረጠች፤ ያው ነው። ሠለሰች፤ ያው።

“ይኸውልህ! የኔም እጅ ይንቀጠቀጣል በላ!” አለች ተናዳ። “ማሽኗ ራሷ እየገፋች ነው የቆረጠችው፤ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የቆምኩት!”

ባሏ ከወንበሩ ብድግ አለ። ብረቱን አላየም፤ ተንበርክኮ የማሽኗን እግሮች አየ።

“ያንን ብሎን ፍቺው።”

ስትፈታው የማሽኗ አንድ እግር ከጣውላው ቀና አለ።

“ጠረጴዛው ጠማማ ነው” አለ። “አንቺ ደግሞ ባለ በሌለ ኃይልሽ ስታጠብቂያት ጀርባዋ ተጠመዘዘ። ጀርባው የተጠመዘዘ ማሽን፣ ማንም ይያዘው ማን፣ ቀጥ ያለ ነገር አይቆርጥም።”

ስስ ላሜራ ቆርጠው ከእግሯ ሥር አስገቡ፣ ውሃ ልክ ጀርባዋ ላይ አስቀምጠው ብሎኖቹን በልክ በልክ አሰሩ። እንደገና ስትቆርጥ ሁለቱ ጫፎች እኩል ሆኑ።

ባሏ ብረቱን እያገላበጠ፣ “ዘንጎቹ ከመበላሸታቸው በፊት ድርጅቱ ውስጥ የምሠራበትን ያንን ትልቁን ማሽን ወደ በሩ ያዛወረው ማን ነበር?” አላት።

“ሚሊ።”

“ውሃ ልክ ከአንቺ ወስዷል?”

“ኧረ ምንም አልወሰደም! እንዲያውም ጠይቄው፣ ‘ሁለት ቶን የሚመዝን ማሽን የት ይሄድብሻል?’ ብሎ ነው የሳቀብኝ።”

ባሏ ብረቱን አስቀመጠ። “በቃ፣ ሳያስተካክል ነው ያሰረው፤ ለሥራ አስኪያጁ ቢሮው ገብተሽ ንገሪው።”

“እነግረዋለሁ” አለችው። ዋሽታው ነው። በሠራተኛ ፊት የተሰደበ ባሏ ስሙ በተዘጋ ቢሮ ውስጥ በሹክሹክታ እንዲጸዳ አልፈለገችም። ጥርሷን ነክሳ አሥራ አንድ ቀን ጠበቀች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ አዲስ የተቀጠሩ ሠራተኞችን ሊያስጎበኝ መጣ። ከሚሊ ጋር ያ ትልቁ ማሽን ዘንድ ሲደርሱ እሷም ማይክሮሜትር ይዛ ከክፍሏ ወጣች።

“አለቃ” አለችው ሚሊን ፈገግ ብላ፣ “አዲሶቹ ከእርስዎ እጅ ይማሩ እንጂ። አንድ ረዘም ያለ ዘንግ ቀርጸው ያሳዩን።”

ሚሊ ሙገሳ ይወዳል። በዚያ ማሽን ላይ ባሏ ከወጣ ወዲህ ልዩነቱ የማይታወቅበት አጫጭር ነገር ብቻ ስለተሠራበት ምንም አልጠረጠረም። እጅጌውን ሰብስቦ፣ እያስረዳ፣ እየተንጎራደደ ቀረጸ። ሲጨርስ ማይክሮሜትሩን ለሥራ አስኪያጁ አቀበለችው።

“እርስዎ ራስዎ ይለኩት።”

ሥራ አስኪያጁ ለካ። ፊቱ ተለወጠ። ደግሞ ለካ። “ይሄኛው ጫፍ ስምንት መቶኛ ይወፍራል” አለ።

ወደ ሚሊ ዞረች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንቱ ስትለው ኖራለች።

“ምነው? እጅህ ይንቀጠቀጣል እንዴ?” አለችው።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌሎችም ተከተሉ።

ሚሊ ቲማቲም መሰለ። “እጄ ምን ሆነ? ማሽኑ ነው!”

“አልተሰማም። ጮክ በል።”

“ማሽኑ ነው አልኩ እኮ!”

“ለባሌ ጊዜ ይህን አፍህን የት አስቀምጠኸው ነበር?”

ሥራ አስኪያጁ ብሎኖቹ እንዲፈቱ አዘዘ፤ ሁሉም እያየ የማሽኑ አንዱ እግር ከሲሚንቶው ተነሳ። ላሜራውን ያስገባው ራሱ ሚሊ ነው፤ ዘይት በጠገበ ወለል ላይ ተንበርክኮ። እሷ እጇን አጣምራ እስኪጨርስ ከአጠገቡ አልተነቃነቀችም፤ መስኮቷ ላይ ሰልፍ ተሰልፎ ነበር፣ ይጠብቅ አለች።

በሳምንቱ ሚሊ ከአለቃነት ወርዶ ተራ ሠራተኛ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ የይቅርታ ደብዳቤ ይዞ ቤታቸው ድረስ መጣ፤ ባሏ አመስግኖ ተቀበለው እንጂ አልተመለሰም። ጓዳ ውስጥ የጎረቤቱን የበር ማጠፊያና የልብስ ስፌት ማሽን ዘንግ ይቀርጻል፤ ሰው ተራ ይዞ ይጠብቀዋል።

አንድ ቀን እየሠራ ሳለ፣ “ያ ሰውዬ እንዴት ነው?” ብሎ ጠየቃት።

“በየቀኑ መሣሪያ ሊወስድ ይመጣል። መጀመሪያ ቢመጣም መጨረሻ ነው የምሰጠው።”

“እስካሁን?”

“እስካሁን።”

“ይብቃሽ እንግዲህ፣ አንቺ ሴት።”

“የሚበቃኝን እኔ አውቃለሁ” አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ሄደች።