መርዶ ለሱአድ

«ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነስታ ጣሪያ ታያለች እንዴ?» አሉ ጎረቤቷ አዴ ድንቅነሽ፣ ድንኳኑ ሙሉ እስኪሰማ ድረስ እያንሾካሾኩ።

ሸዋጌጥ ሰምታ እንዳልሰማች ጥቁር ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ ወደ ግቢው ወጣች። ቆርቆሮው ላይ የባሏ ታናሽ ወንድም ኢፋ የአንቴናውን ምሰሶ ታቅፎ ተቀምጧል።

«መርዶ በሬዲዮ ይነገራል እንዴ?» አላት።

«ሌላ ማን ይነግራታል? ዛሬ ቅዳሜ ነው። ማታ ጠርታው መልስ ስታጣ፣ ዝም አለኝ ብላ ትቀየመው?»

ሱአድ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ከሟቹ ባሏ ከጆቴ ጋር ያደገች ልጅ ናት። ፖርት ሱዳን ካገባች ወዲህ በአካል ተያይተው አያውቁም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በአማተር ሬዲዮ ያወራሉ። ስልኳ ከጦርነቱ ወዲህ አይሠራም። ሸዋጌጥ በሙሽርነቷ ሰሞን በቅናት ብግን ብላ ነበር፤ ኋላ ግን የሱአድን ወሬ ያልሰማችበት ቅዳሜ፣ ቅዳሜ አይመስላትም።

ፖርት ሱዳን ከነቀምቴ በስተሰሜን ናት። የሰኔ ነፋስ ግን ምሰሶውን አዙሮታል፤ ቤት ውስጥ ያለው አቅጣጫ ጠቋሚ መርፌ ሰሜን ሲል አንቴናው ወደ ምዕራብ፣ ጊምቢን ያያል። ጆቴ «ሰኞ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ነበር። ሰኞን አላያትም።

ኮምፓስ ቆርቆሮ አጠገብ ይቀላምዳል። ስለዚህ ሸዋጌጥ እንደ ጆቴ ቀጥ ያለ ዘንግ መሬት ላይ ተክላ፣ የቀትር ጥላው እጅግ የሚያጥርበትን ሰዓት ትጠብቅ ጀመር። ደመናው አልገለጥ አለ።

እንደተጋቡ ሰሞን ጆቴ ከዚያው ጣሪያ ላይ ሆኖ «ሰሜን ወዴት ነው?» ብሏት ነበር። ጥላው ወደወደቀበት ጠቆመች፤ እሱም አምኗት አሰረው። ለካ በሰኔ የነቀምቴ ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ጥላው የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው! ሱአድን ሲጣሩ አንድ የማዳጋስካር ሰው በፈረንሳይኛ መለሰላቸው። ጆቴ ሳቁን አልቻለም።

«አንተ እያወቅህ ለምን ዝም አልክ?» አለችው።

«አላሰብኩትም። አንቺ ካልሽ ብዬ ነዋ» አላት። እንዲህ ያለ ሰው ነው የሞተባት።

ፀሐይዋ ብቅ አለች። ጥላው አጠረ፣ አጠረና ቆመ።

«ከጥላው በተቃራኒ!» አለች ሸዋጌጥ። ኢፋ ምሰሶውን አዞረ። «ትንሽ ወደ ቀኝ። በቃ፣ እሰረው።»

አዴ ድንቅነሽ ከኋላዋ ቆመው ኖሯል። ነገሩን ነገረቻቸው።

«መርዶ ከሆነማ ብቻሽን አትነግሪያትም» አሉ።

ማታ የድንኳኑ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሬዲዮውን ከበቡት። ከሬዲዮው ጩኸት መሃል የሱአድ ድምፅ መጣ፤ ጥርት ብሎ።

«ጆቴ፣ ነጋ ዳ? ሰላም ነህ?»

«ሱአድ፣ ሸዋጌጥ ነኝ። አጠገብሽ ሰው አለ?»

«ልጄ አለች። ጆቴስ?»

ሸዋጌጥ የማናገሪያውን ቁልፍ ተጫነች። «ጆቴ አረፈ፣ እህቴ። ሳይታመም፣ በልቡ። እኛ ሁላችን እዚህ አለን።»

ቁልፉ ካልተለቀቀ የወዲያኛው ድምፅ አይሰማም። ሸዋጌጥ የምትናገረውን ጨርሳለች፤ አውራ ጣቷ ግን ቁልፉ ላይ ቀረ። ከለቀቀችው ሱአድ ስትጮህ ልትሰማ ነው፤ ያኔ የጆቴ ሞት እውነት ይሆናል።

አዴ ድንቅነሽ እጃቸውን እጇ ላይ አሳረፉ።

«ልቀቂላት» አሉ ቀስ ብለው። «ታልቅስ እንጂ።»

ሸዋጌጥ ጣቷን አነሳች።