ባለ አበባው ሩፒ

ሐሰት አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ዝም ቢባልበት ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ሐሰተኛውን የሚያጋልጠው ስስቱ ነው። ስስታም ሰው ክፋቱ ሲሳካለት ያንኑ ይደግማል፤ የደገመውም በመጀመሪያው ላይ ይመሰክርበታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ስለዚህ ነው። በሕንድ አገር፣ በአህመዳባድ አሮጌ ሰፈር የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል።

ኢንዱማቲ የሳንቲም ሰብሳቢው የቺማንላል ሚስት ነበረች። ባሏ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። እርሷ ራሷ አንድም ሳንቲም ገዝታ አታውቅም፤ ነገር ግን ዕድሜዋን ከሰብሳቢ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለ ኖረች ቋንቋቸውን ሳትፈልግ ተምራለች። የንጉሡ ስም ያለበት ወገን ፊት፣ የከተማውና የዘመኑ ስም ያለበት ጀርባ፣ በጽሕፈቱ መካከል ባዶ የሚቀረው ስፍራ ደግሞ ሜዳ ይባላል። ሳንቲም በጠርዙ ይያዛል እንጂ ሜዳው አይነካም፤ ገና ሙሽራ ሳለች በአውራ ጣቷ ሜዳውን ብትነካ፣ ቺማንላል ሕፃን ከእጇ የወደቀ ያህል ጮኾባት ነበር። ከሁሉ በላይ የጸናው ሕግ ግን ሳንቲም አይታጠብም የሚለው ነው። ብር በዘመን ብዛት የሚለብሰው ጠቆር ያለ ወዝ ክብሩ ነው፤ የታጠበ ሳንቲም የተገፈፈ ሳንቲም ነው፤ ሰብሳቢም የዋጋውን ግማሽ አይሰጥበትም።

ይህ ሕግ በቤታቸው በየዓመቱ ጠብ ያስነሣ ነበር። ዲዋሊ የሚሉት የመብራት በዓል ሊገባ ሲል፣ ዳንቴራስ በሚባለው በመክፈቻው ቀን፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የቤቱን ብር በወተትና በውኃ አጥቦ፣ ቀይ ዱቄት ቀብቶ የሀብት እንስት አምላክ በሆነችው በላክሽሚ ፊት ያኖራል።

"ሁሉንም እጠቢ፤ ባለ አበባውን ግን እንዳትነኪብኝ!" ይላል ቺማንላል።

"አምላክ ፊት እድፉን ይዞ ይቅረብ?" ትላለች እርሷ።

በመጨረሻ በዚህ ታረቁ፦ ባለ አበባው አይታጠብም፤ በቀለበት ጣቷ አንዲት ነጥብ ቀይ ዱቄት ብቻ ታሳርፍበታለች።

ባለ አበባው የሚሉት በዚያው በአህመዳባድ የተመታ፣ ዙፋኑን ሳያሞቀው የወረደ የአንድ ንጉሥ ስም ያለበት የብር ሩፒ ነው። የጥንት ገንዘብ መንዛሪዎች የብሩን ንጽሕና ሲያረጋግጡ ምልክታቸውን በትንሽ መምቻ ያሳርፉበት ነበር። በዚህ ሩፒ ፊት ላይም አንድ መንዛሪ ባለ አምስት ቅጠል አበባ መትቶበታል፤ ሲመታ እጁ ስቶ ኖሮ፣ አንደኛው ቅጠል ተሰንጥቆ ከንጉሡ ስም የመጨረሻ ፊደል ጋር ተጋጥሟል። የኢንዱማቲም ቀይ ዱቄት በዚያች ጎድጓዳ አበባ ውስጥ ዓመት በዓመት ላይ እየተከማቸ የደረቀ ደም መስሎ ነበር። ቺማንላል ሊሞት ሲል እጇን ይዞ፣ "የሞትሁበት ዓመት ሲደርስ ለሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ስጪልኝ፤ ስሜ ከሥሩ ተጽፎ ሰው ይየው" አላት። ይህን ከእርሷ በቀር የሰማ አልነበረም።

ወደ ቤቱ ከሚመላለሱት ወዳጆች አንዱ ዳንሱክላል የሚባል የሳንቲም ነጋዴ ነበር። ሱቁ በማኔክ ቾክ ገበያ ከወርቅ ሠሪዎቹ ጎን ነው። አንደበቱ ለስላሳ፣ ልብሱ ንጹሕ ነው፤ አንድ ልማድ ብቻ ነበረው። ጣፋጭ ሲቀርብለት አንዱን በልቶ "በቃኝ" ይላል፤ ሲነሣ ግን ሌላውን በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል። "ይቺ ለመንገድ" ይላል፤ ቤቱ ግን ከዚያ ሁለት ቅያስ አይርቅም። ቺማንላል ይሥቅ ነበር፤ ኢንዱማቲ አትሥቅም ነበር።

ክረምቱ እንደ ወጣ ይህ ሰው መጣ። "ባቢ" አላት፤ የወዳጁን ሚስት እንደ ወንድም ሚስት ነው የሚጠራት፤ ባሏንም ቺማንባይ፣ ወንድም ቺማን፣ ይለው ነበር። "ባለ አበባውን ለጥቂት ቀን ያውሱኝ። ፎቶ አንሥቼ በማኅበሩ መጽሔት ላወጣው ነው፤ ከሥሩም የቺማንባይን ስም እጽፋለሁ፣ ነፍሱን ይማረውና።"

የባሏ ስም ሲነሣ ልቧ ራሰ፤ ሰጠችው።

መልሶ ያመጣው በዳንቴራስ ዋዜማ ነበር፤ በሐር በተለበጠ ሣጥን አድርጎ። ሣጥኑን ስትከፍት ሩፒው ዓይኗን ወጋት፤ አዲስ ማንኪያ ይመስል ነበር።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ምን ይሆናል! ለበዓሉ በሎሚ አሽቼ አጠብሁልዎ። ሙሽራ አልመሰለም?"

"አጠቡት?"

"ለላክሽሚ ክብር ነው እንጂ ባቢ። ልጠበው ልጠበው እያሉ ስንት ዓመት ሲሟገቱ እሰማ አልነበር? አሁን ቺማንባይ የለ፤ ማን ይቆጣናል!" ብሎ ሣቀ።

ዕድሜውን በሳንቲም የፈጀ ሰው ሳንቲም አጠብሁ ሲል መስማት፣ ንብ አናቢ ማሩን ለደስታ ደፋሁት ሲል እንደ መስማት ነው። ኢንዱማቲ በጠርዙ ይዛ አበባውን አየች። ስንጥቁ ቅጠል አለ፤ ቀዩ የለም።

"መልካም" አለች፣ የጣፋጩን ሣሕን እያቀረበችለት። "በዓመቱ ለማኅበሩ ስሰጠው ያምርበታል።"

አንዱን በልቶ ወደ ሁለተኛው የተዘረጋ እጁ በአየር ላይ ቆመ።

"ለማኅበሩ? ማን አለ?"

"እርሱ ነዋ። ሲሞት ነው የነገረኝ።"

"እንዴ ባቢ፣ እነዚያ እኮ መዝነው፣ አንኳኩተው፣ በመነጽር አገላብጠው ነው የሚቀበሉት። ደግሞ ታጥቧል፤ ያቃልሉታል። ምን አዋረደዎት? ይልቅ እኔው ልግዛው። ዋጋውን ራስዎ ይጥሩ።"

"ያዋስሁዎትን መልሰው ሊገዙት?"

"ለእርስዎ አስቤ እኮ ነው!"

"እንግዲያው አያስቡ።"

"እሺ፣ መስጠትዎ ካልቀረ በዝምታ ይሁን። ሊቀ መንበሩን ራምኒክባይን ብቻ ቤት ጠርተው ይስጡት። ቺማንባይ እንደሆነ ጩኸት አይወድም ነበር።"

ቺማንላል ጩኸት ይወድ ነበር፤ ነገሩ ስለ ሳንቲም ከሆነማ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅስ ነበር። ይህንም ከዳንሱክላል የተሻለ የሚያውቅ የለም። እርሱ ከወጣ በኋላ ሣሕኑን ልታነሣ ብትሄድ ሁለተኛው ጣፋጭ እንደ ተቀመጠ አገኘችው። እንዲህ ሲሆን አይታ አታውቅም።

"የተመታ ብር ይዘምራል፤ የፈሰሰ ብር ያስላል" ይል ነበር ቺማንላል። በማኅተም ተመትቶ የወጣ ሳንቲም ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ድምፁ ይረዝማል፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ግን ቶሎ ይሞታል ማለቱ ነው። ኢንዱማቲ ሩፒውን በወለሉ ድንጋይ ላይ ጣለችው። አሳለ። ዳግመኛ ጣለችው፤ ደግሞ አሳለ። ሜዳውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ብታዘነብለው መርፌ የወጋው የሚመስል ነጠብጣብ ሞልቶበታል። ነገር ግን ጆሮዋ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሎሚም ብርን ምን እንደሚያደርገው አታውቅም።

ጥርጣሬ አንድ ጊዜ ቤት ከገባ እንግዳና ቤተሰብ አይለይም። ልጇ ኬታን ከሥራ ሲመለስ፣ በጓሮ የቆመችውን አዲስ ሞተር ብስክሌቱን አየች፤ ከዚያም ፊቱን አየች።

"ባለ አበባውን ነክተኸዋል?"

"እኔ?"

"ጠየቅሁህ እንጂ አልከሰስሁህም።"

"እማዬ፣ አባባ በሕይወት ሳለ በሳንቲሞቹ ሣጥን አጠገብ እንዳልፍ እንኳ አይፈቅድልኝም ነበር። አሁን ነው የምሰርቀው?" እውነቱን ነው፤ አፈረች፤ ሁሉንም ነገረችው። ኬታን ግን ራሱን ነቀነቀ። "ዳንሱክባይ እኮ የአባባን ቃሬዛ ተሸክሟል። እንዲህ ያለ ሰው ላይ አፍ ከፍተሽ ባይሆንስ? በዚያው ሣጥን ይቀመጥ፤ ማን ያያል?"

"አባትህ ያያል" አለችው።

ሌሊቱን ስታሰላስል አደረች። በማኅበሩ ፊት ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ሩፒ ሲያሳይ የኖረው ቺማንላል በሰው አፍ አታላይ ይሆናል፤ ሙት ደግሞ መልስ አይሰጥም። ደብቃ ብታስቀምጠው የሞት ቃሉን ታፈርሳለች። ሲነጋጋ ያልተነሣው ጣፋጭ ትዝ አላት። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ይህ ሰው በእርግጥ የባለ አበባውን ቅርጽ ወስዶ ብር አፍስሶበት እንደ ሆነ፣ እጁ አንድ ላይ ብቻ ሊቆም ይችላል?

በማግሥቱ የማኅበሩን ሊቀ መንበር ራምኒክባይን ልታይ ሄደች። ሽማግሌ ናቸው፤ ቃላቸው ጥቂት ነው።

"ስጦታውን በአደባባይ ማድረግ እፈልጋለሁ" አለቻቸው። "ከሱራትም ከራጅኮትም ሩፒ የሚያውቅ ሁሉ ይጠራ። የቺማንላል ባለ አበባ መሆኑን፣ ቅጠሉም ስንጥቅ መሆኑን ሳይቀር ይንገሩልኝ።"

"አንድ ነገር ጠርጥረሻል፣ እኅቴ።"

"የጠረጠርሁትን ተናግሬ ባይሆን የሰው ስም ገድያለሁ። ዝም ብዬ ቢሆን የባሌን ስም ገድያለሁ። ስለዚህ አልናገርም፤ ዝምም አልልም።"

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩአትና "ይጠራል" አሉ።

የቺማንላል ዓመት በደረሰበት እሑድ ጧት የማኅበሩ አዳራሽ ሞላ። ነጋዴዎቹ እንደ ልማዳቸው እያንዳንዳቸው ጥቁር ጨርቃቸውን አንጥፈው ሳንቲሞቻቸውን ደርድረዋል። የማኅበሩ ሕግ የታወቀ ነው፦ ሐሰተኛ ሳንቲም አውቆ የሸጠ ሰው ጨርቁ ይጠቀለላል፤ ጨርቁ የተጠቀለለበትም ዳግመኛ በመካከላቸው አይቀመጥም። ዳንሱክላል በፊተኛው ረድፍ ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ እጅ ይነሣል። ራምኒክባይ ሩፒውን ከኢንዱማቲ ተቀበሉ፤ መዘኑት፤ ጠርዙን ዙሪያውን በአጉሊ መነጽር አዩት፤ በመጨረሻም በድንጋይ ላይ ጣሉት።

ሩፒው አሳለ።

በአዳራሹ ማጉረምረም ተነሣ። "ቺማንላል ሲኮራብን የኖረው በዚህ ነው?" አለ አንዱ። "እኛ ደግሞ በሩቅ ስናይ ምራቃችንን ስንውጥ!" አለ ሌላው።

ዳንሱክላል ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ፊቱ የኀዘንተኛ ነበር። "ወንድሞቼ፣ ለሟቹ ክብር ስል ዝም ብዬ ኖሬአለሁ። ወዳጄ ነበርና ዓይኑን አይቼ ልነግረው አልቻልሁም።"

ኬታን ሊነሣ ሲል እናቱ እጅጌውን ይዛ አስቀመጠችውና ራሷ ቆመች። "ዳንሱክባይ፣ አጠብሁልዎ ብለው ያመጡልኝ እርስዎ አይደሉም?" አለች።

"እኔ? ሳንቲም? እስቲ ፍረዱ፣ እኔ ሳንቲም አጥባለሁ? ዳንቴራስ ሲመጣ ሴቶች ያገኙትን ሁሉ ወተት ውስጥ ይነክራሉ፤ እኔን ምን አገባኝ!"

አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ። ኢንዱማቲ ፊቷ ጋለ፤ ግን አልተቀመጠችም። ሣቁ ሳይበርድ ኋላ ወንበር ላይ ናውታምላል የሚባል ወፍራም የሱራት ነጋዴ ጣቱን ወደ እርሷ ቀስሮ ተነሣ።

"እኔ አልሣቅሁም! ሴትዮ፣ አንድ ሳንቲም ስንት ጊዜ ነው የሚሸጡት? የቺማንላልን ባለ አበባ እኮ የገዛሁት እኔ ነኝ! ዛሬ እዚህ የሚሰጡት ምንድን ነው ብዬ፣ ሊያታልሉ ነው ብዬ ነው የመጣሁት!" ከደረት ኪሱ አንድ ሩፒ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ፖፓትላል የተባለ የራጅኮት ሰው፣ ከሲታ ነው፤ ወንበሮቹን እየገፋ መጣ። "የእርስዎ እንዴት ይሆናል? የቺማንላል ይኸው ከእኔ ጋር ነው!"

ሦስቱ ሩፒዎች በአንድ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ተኙ። ራምኒክባይ አንድ በአንድ ጣሏቸው።

"ሦስት ሳል ከአንድ ቤት!" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። "መነጽሩን ተዉትና ሐኪም ጥሩ!"

ሽማግሌው አልሣቁም። "ይህ አበባ በማኅተሙ ላይ የነበረ አይደለም" አሉ። "ሳንቲሙ ከተመታ በኋላ ሰው በእጁ ያሳረፈው ነው። የሰው እጅ ደግሞ በሦስት ሩፒ ላይ፣ በአንድ ስፍራ፣ አንድ ዓይነት ስሕተት አይስትም። ሦስቱም ከአንድ ቅርጽ የፈሰሱ ናቸው። ከማን ገዛችሁ?"

ሁለቱ ሰዎች ዞረው ወደ ፊተኛው ረድፍ ተመለከቱ።

"ባልቴቷ በድብቅ ሸጠችልኝ ብሎ ነው" አለ ናውታምላል። "እስክትሞት ለማንም አታሳይ፤ ታፍራለች አለኝ።"

"ለእኔም ያንኑ!" አለ ፖፓትላል። "እንዲያውም ለሴትዮዋ አዝኜላት ነበር!"

ዳንሱክላል ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ።

"ዳንሱክባይ" አለች ኢንዱማቲ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። "አንዱ በቅቶዎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሐሰተኛው ባሌ ነበር። 'ይቺ ለመንገድ' ማለትዎ አዳነው።"

ራምኒክባይ ከሁለት የማኅበሩ አባላት ጋር እያጀቡት ወደ ሱቁ ሄዱ። የሸክላ ቅርጾቹ በሱቁ ጓዳ ከነበረው ምድጃ ሥር ተገኙ። እውነተኛው ባለ አበባ ግን በዳንሱክላል በራሱ የጸሎት ሣጥን ውስጥ፣ በላክሽሚ እግር ሥር ነበር፤ በአበባውም ጉድጓድ ውስጥ የኢንዱማቲ ቀይ ዱቄት እንደ ደረቀ ነበረ። በድንጋይ ላይ ሲጥሉት ድምፁ ረዝሞ ረዝሞ በኋላ ሞተ።

ሩፒው ሳይታጠብ፣ ቀዩን እንደ ያዘ፣ በማኅበሩ አዳራሽ ተቀመጠ፤ የቺማንላልም ስም ከሥሩ ተጻፈ። ሦስቱ ሐሰተኞች በአባላቱ ፊት በመሮ ለሁለት ተሰነጠቁ። የዳንሱክላል ጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ በደጅ በእጁ ተሰጠው። ፍርድ ቤቱ ለሁለቱ ገዢዎች ገንዘባቸውን ከነኪሳራው እንዲከፍል፣ እርሱም ሁለት ዓመት እንዲታሰር ፈረደበት፤ ዕዳውን ለመክፈል የማኔክ ቾክ ሱቁ ተሸጠ። እስራቱን ጨርሶ ከወጣ በኋላም ከከተማይቱ ነጋዴዎች ሳንቲም ከእጁ የተቀበለ ማንም የለም።