ለጅብ ነው ያለኝ

ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የእንስሳት ማቆያ አለ። ሁለት ጭላዳ፣ ክንፉ የተሰበረ ጥንብ አንሣ፣ ብዛታቸውን ራሳቸው ብቻ የሚያውቁት ኤሊዎችና አንዲት ጅብ ይኖሩበታል። እኔ ይስማው የጅቧ ጠባቂ ነኝ። ግልገል ሳለች የጭነት መኪና ሹፌሮች ደጀን ላይ አግኝተው በካርቶን ይዘዋት መጡ። ወይዘሪት ብዬ ስም አወጣሁላት፤ የሚያገባት ስለሌለ።

ዓምና ዶክተር ሃኒ የምትባል የእንስሳት ሐኪም ከአዲስ አበባ መጥታ ሦስት ቀን አሠለጠነችን። የሥልጠናው ርእስ «የእንስሳትን ኑሮ ማበልጸግ» ይላል። ዘበኛው ደመላሽ እጁን አወጣና፣ «ከእንስሳቱ ቀጥሎ ተራው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተሯ ጥያቄውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ትምህርቱ ግን ትምህርት ነበር። ወይዘሪት ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ በአጥሯ ውስጥ ወደ ግራ ስትዞር ትውላለች፤ መሬቱን እንደ አውድማ ደልድላዋለች። ዶክተሯ፣ «ይሄ ሥራ መፍታት ነው። ምግቧን ዝም ብለህ አትወርውርላት፤ ደብቀውና ትፈልገው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አጥንት በጆንያ ቋጥሬ ከዛፍ አንጠለጥላለሁ፤ ድንጋይ ሥር እቀብራለሁ፤ አሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ እወትፋለሁ። አንዳንድ ቀን የበግ ጸጉር ላይ ኮረሪማ ነስንሼ አስቀምጥላታለሁ። አይበላም፤ ግን ስታሸተውና ስትንከባለልበት ግማሽ ቀን ያልፍላታል። በሁለት ወር ውስጥ መዞሩን ተወች።

አጥንቱ የሚመጣው ከፈንታ ሥጋ ቤት ነው። ፈንታ ጓደኛዬ ነው፤ የጊዮርጊስን ጽዋ አብረን ስንጠጣ አሥራ አንድ ዓመታችን። እሑድ እሑድ ልጁን ይዞ ወይዘሪትን ሊያይ ይመጣል፤ ጎማ ውስጥ አጥንት መወተፉን ከእኔ ይልቅ እሱ ወደደው። «እስቲ ዛሬ ደግሞ በሽቦ እንሠረው» ይላል። ዘንድሮ የሚያዝያ ጊዮርጊስ፣ የዓመቱ ትልቁ ድግስ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዕጣው ለእኔ ወጣ። ባለቤቴ የኔዓለም ብቅሉን ከጥር ጀምራ አሰናዳች።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ቄራውም ሥጋ ቤቶቹም ተዘጉ። ለወይዘሪት ቀለብ የሞተ አህያ ይመጣላታል፤ አህያ ግን በፕሮግራም አይሞትም። በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ወደ ግራ መዞር ጀመረች። ለፈንታ ነገርኩት።

«ከቅበላ የተረፈ አጥንት ማቀዝቀዣ ሙሉ አለኝ» አለ። «ጠዋት ጠዋት በጓሮ በር ና።»

«ሰው ቢያየኝስ?»

«ቢያይህስ? ለጅብ ነው። ደግሞ እኔ አለሁልህ አይደል? እናገራለሁ።»

እስከ አራተኛው ሳምንት ማንም አላየኝም። ወይዘሪትም ረጋች። አንድ ዓርብ ጠዋት ግን የአጥንቱ በረዶ መንገድ ላይ ሟሟና ፌስታሉ ደም ያንጠባጥብ ጀመር። ጎረቤታችን ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከኪዳን ሲመለሱ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ፌስታሉን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና ፌስታሉን አዩ።

«እንዴት አደሩ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጾሙ እንዴት ይዞሃል ይስማው?»

«ደህና ነው። ይሄ የጅብ ነው።»

«እኔ መቼ ጠየቅሁህ ልጄ?» አሉኝ።

የመጋቢት ጊዮርጊስ ዕለት ማኅበሩ በሰብሳቢው፣ በሙሴያችን በአቶ አድማሴ ቤት ተሰበሰበ። ሽሮው ከተነሣ በኋላ አድማሴ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ከመካከላችን ጾም የሚገድፍ አለ ይባላል። ስም አንጠራም» አለ። ስም ስላልተጠራ ሁሉም እኔን አየኝ።

«ፈንታ፣ ንገራቸው እንጂ» አልኩ።

ፈንታ የዋንጫውን አፍ በአውራ ጣቱ ያብሳል። ለፋሲካ ሱቁን የሚከፍት ሰው ነው፤ በጾም ሥጋ ሸጠ ከተባለ ማን ደጁን ይረግጣል?

«አጥንት ወስዷል» አለ። «አልሸጥኩለትም። ለጅብ ነው ያለኝ።»

«ጅቡን አንተ ታውቀዋለህ?» አለ አድማሴ።

«የሚያውቀው እሱ ነው» አለ ፈንታ። «እኔ ሲበላ አላየሁም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በእኛ አገር ሆዳም ሰውም ጅብ ይባላል። ዲማ ዘጠኝ ዓመት ቅኔ የተማሩት አባ አምደሚካኤል ሳይቀሩ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እኔ ግን ሲሳቅብኝ ሰዋስው እቆጥር ነበር። ወይዘሪት ሴት ናት። ፈንታ ያየው ስትበላ ነው፤ ሲበላ አላየም። አንዲት ሐሰት ከአፉ አልወጣችም። የቆጨኝ እሱ ነው፤ ዋሽቶ ቢሆን አስምለው ነበር።

«ኑና በዓይናችሁ እዩ» አልኳቸው።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ አድማሴና አባ አምደሚካኤል ሌሎች ሦስት ሰዎች አስከትለው መጡ። ፈንታ ሥራ አለኝ ብሎ ቀረ። አጥንቱን እንዲታያቸው ብዬ ከጎማው ግማሹን አውጥቼ ወትፌው ነበር። ወይዘሪት ጉድጓዷ ውስጥ ናት፤ የጆሮዋ ጫፍ እንኳ አይታይም። ጠራኋት። ጆንያ አወዛወዝኩ። ጎማውን በእንጨት መታሁ። ድሮ ቢሆን ስትዞር በደረሱባት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል፣ የተሻለው ጅብ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ይተኛል። ይህን ለማስረዳት ሞከርኩ።

አድማሴ አጥንቱን በከዘራው እያመለከተ፣ «ጅብ ባለበት ግቢ አጥንት እንዲህ ይውላል?» አለኝ።

«ተኝታ ነው።»

«ተኝታ።»

«ሲመሽ ትነሣለች።»

«በል እንግዲህ፣ ስትነሣ ሰላም በልልን» አሉኝ አባ አምደሚካኤል፤ ሄዱ።

ቤት ስገባ የኔዓለም ጋቢዬን ተቀብላ አሸተተችው።

«ስብ ስብ ይላል» አለች።

«የጅቧ ነው።»

«እሱንማ ሰማሁ።» ጋቢውን ዘፈዘፈችው። «ለእኔ እንኳ እውነቱን ብትነግረኝ ምን ነበር?»

ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል። ልምል አሰብኩና ተውኩት፤ ለሚስቴ የምምልበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የሚያዝያው ጽዋ ከእኔ ተወስዶ ወደ ፈንታ ዞረ። ለድግሱ ጊዜ ስላጠራቸው የፈንታ ሚስት ብቅል ለመበደር መጣች። የኔዓለም የእኛን ሰጠቻት፤ ተሰናድቶ ይበላሽ እንዴ?

ፋሲካ አልፎ በዓሉ ሲደርስ፣ ብቀር አፈረ ይሉኛል ብዬ ሄድኩ። የገዛ ብቅሌን ጠላ ጠጣሁ፤ ጥሩ ወጥቷል። ፈንታ ሥጋውን ራሱ እያዞረ እኔ ዘንድ ሲደርስ ትልቁን ቅልጥም መርጦ አስቀመጠልኝ።

«ለይስማው አጥንት ያለበትን» አለ።

ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ይቅርታ መጠየቁ ሳይሆን አይቀርም። ቤቱ ግን ሳቀ፤ ሲስቁ እሱም አብሮ ሳቀ። ጠርጌ ብበላ አላልናችሁም ሊሉ ነው፤ ብተወው በጾሙ ጠግቧል ሊሉ ነው። የቱን ያህል ቁራሽ እንደ ሰው እንደሚያስቆጥር እያሰላሁ ቀስ ብዬ በላሁ።

ከየድግሱ የተረፈኝን አጥንት ለወይዘሪት መውሰድ ልማዴ ነው። እጄ ሳላስበው ቅልጥሙን አነሣና ሌላው እጄ ኪሴ ውስጥ ፌስታል ይፈልግ ጀመር።

«እሱ ደግሞ ለማን ነው?» አለ አድማሴ።

ፈንታ ማሰሮ እንደያዘ ቆመ። ቀና ብዬ አየሁት። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁት፤ ለአጠገቤ ሰው ጠላ ቀዳለት።

«ለማንም» አልኩና ቅልጥሙን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

በማግስቱ ማለዳ ወይዘሪት ወደ አጥሩ መጣች። አፍንጫዋን በሽቦው ቀዳዳ አሹልካ እጄን አሸተተች፤ ሳሙና ሳይሸታት አልቀረም። ጎማውን አገላበጠች። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ፈነቀለች። ዛፉ ሥር ቆማ ወደ ላይ አየች፤ ተመልሳ ጎማውን እንደገና አገላበጠች። ምንም እንዳልደበቅሁ እኔ አውቃለሁ። እሷ አጥብቄ የደበቅሁ መስሏት እስከ ረፋዱ ፈለገች።