የጎደለው ስምንት ደቂቃ

የሦስተኛው ዙር ምርመራ ናሙናም ደፈረሰ። ላቦራቶሪስቷ የናሙና ቱቦዎቹን ከማሞቂያው ሣጥን ከኢንኩቤተሩ አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገቻቸው። ጥርት ማለት የነበረበት ፈሳሽ የሩዝ ውኃ መስሏል፤ ከአሥሩ ሰባቱ።

«ኤጭ!» አለችና ጓንቷን አውልቃ ወረወረችው።

ሥራ አስኪያጁ ሳያንኳኳ ገባ። «እህሳ? የሆስፒታሉ መኪና በር ላይ ቆሟል። ተረካቢው የታሸገውን አተር ጫኑልኝ እያለ ነዘነዘኝ።»

«አያልፍም። ስፖር አለበት።»

«አንቺ ደግሞ! በግፊት የተቀቀለ ነገር ውስጥ ምን ነፍስ ይተርፋል?»

«ተራው ባክቴሪያማ ይሞታል። ይሄ ግን ቅርፊት ለብሶ የተኛ ነው፤ ሙቀቱም ሰዓቱም ካልሞላ አይሞትም። ቆርቆሮ ውስጥ ሲመቸው ይነቃና መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። የሚበላው በሽተኛ ነው እኮ!»

«እጅሽ በክሎት ይሆናል።»

«ባለፈውም እንደዚህ ብለው አስደገሙኝ። ይኸው ሦስተኛዬ ነው!»

«እንግዲያው አትድገሚ። የማለፊያ ቅጹን ፈርሚና ከምሳ በፊት አምጪልኝ።» በሩን ገርግሞ ወጣ።

ደሟ ፈላ። ለድንጋይ ብትነግረው እንኳ ይሻል ነበር። ደረጃውን በሩጫ ወርዳ ማብሰያ ክፍል ገባች። ትልቁን የግፊት ማብሰያ የሚያንቀሳቅሰው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋትም፣ ያስተማራትም እሱ።

«ጋሼ፣ የዚህ አተር የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት የታለ?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ሠላሳ ደቂቃ ነበር መቆየት ያለበት። ስንት አቆየኸው?»

ወንድሟ እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ጠረገ። «ሃያ ሁለት። ነዳጁ እያለቀ ነው፣ ስምንት ደቂቃ ምንም አያመጣም አለኝ አለቃሽ።»

«በጽሑፍ?»

«በአፉ።»

«እኔ እዚያ ላይ እጄን ስጠራጠር ሰነበትኩ፣ አንተ እያወቅህ ዝም?»

«ልጆች አሉኝ፣ እቱ! ወረቀቱ ከወጣ እሱ ሽምጥጥ አድርጎ ይክዳል፤ የምባረረው እኔ ነኝ።»

በእሱም፣ በአለቃዋም፣ ምንም በማያውቀው አተርም ተናደደች። ወረቀቱን እንዲሰጣት ግን እጇን ዘረጋች፤ አላጠፈችም። ወንድሟ መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቱን ሰጣትና ፊቱን ወደ ማብሰያው አዞረ።

«እንደፈለግሽ» አለ።

ላቦራቶሪ ተመልሳ ቅጹ ላይ «አያልፍም» ብላ ጻፈች። «ምክንያት» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። «የአሠራር ጉድለት» ብላ ብታልፈው ማንም አይጠይቃትም።

«በሃያ ሁለት ደቂቃ ወጣ፤ በሥራ አስኪያጁ የቃል ትእዛዝ» ስትል ጻፈች። «ማብሰያውን የያዘው ሠራተኛ» ከሚለው ፊት ለፊት የወንድሟን ስም እስከ አያቱ ሞላች። ፈረመችበት። ከዚያ ቅጹንና የሙቀቱን ወረቀት አያይዛ፣ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ አልፋ፣ መኪናው አጠገብ ወደ ቆመው የሆስፒታሉ ተረካቢ ሄደች።